ታቀፈች ብለን የነከርናት ዶሮ

መጀመሪያ ያየነው እንቁላሉን ነው። ቅርፊት አልነበረውም። ልጄ ስመኝ ከጭዱ ውስጥ አንስታ በመዳፏ ይዛው መጣች። በስስ ቆዳ ብቻ ተጠቅልሏል፤ ስትራመድ እንደ ውሃ ይዋልላል። «እማ፣ ይኼ ይበላል?» አለችኝ። እኔ ምልኪ መሰለኝና ከእጇ ነጥቄ ከአጥሩ ውጭ ወረወርኩት። የበሽታ ምልክት ይሆናል ብዬ አላሰብኩም። ዶሮ የምትታመመው በፈንግል ብቻ ይመስለኝ ነበር።

ይህን የምጽፈው እንደ እኔ ሁለት ሦስት ያረጁ ዶሮዎች ይዛችሁ፣ በእነሱ እንቁላል የታመመ ሰው ለምታስታምሙ እናቶች ነው። ትምህርቴ ሦስተኛ ክፍል ላይ የቀረ ነው። አጻጻፌ ቢንጋደድም የእንስሳት ሐኪሙን ነገር ግን እሱ እንደነገረኝ አድርጌ ነው ያስቀመጥኩት።

ቤታችን ከሉማሜ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ነው። ባሌ ካረፈ ቆይቷል። ትልልቆቹ ልጆቼ አግብተው ወጥተዋል፤ እቤት የቀረችኝ ስመኝ ናት። ዘንድሮ ፋሲካ እንዳለፈ ማሳል ጀመረች። ጉንፋን ነው አልን። ሳሉ አልለቅ አለ፤ ከሳች፤ ስትተኛ ልብሷ በላብ ይርሳል። አክታዋ ተመረመረና የሳንባ ነቀርሳ፣ ቲቢ ነው ተባለ። ኪኒኑን ከጤና ጣቢያ ሰጡን። ኃይለኛ ነው፤ ባዶ ሆድ ላይ ሲያርፍ ያስመልሳታል። ነርሷ ለብቻዬ ጠርታ እንዲህ አለችኝ፦ «እናቴ፣ መድኃኒቱ ተባዩን ይገድላል እንጂ ሥጋ አይሆናትም። ሥጋ የሚሆናት ምግቡ ነው። ዶሮ ካላችሁ በየቀኑ እንቁላል ስጧት።»

«አሉን» አልኳት። ያን ቀን እንኳ ደስ እያለኝ ነው የተመለስኩት።

የነበሩን ቄቦች ግን አስቀድሞ በፈንግል አልቀው ነበር። የተረፉት ሁለቱ አሮጊቶች ናቸው፤ ገብስማና ቀይዋ። ሁለቱንም ጫጩት ሆነው የሰጠቻት የስመኝ የክርስትና እናት ናት፤ ስመኝ ትምህርት ቤት የገባች ሰሞን። አሁን ስመኝ ሰባተኛ ክፍል ናት፤ የዶሮዎቹን ዕድሜ በዚህ ገምቱት። ከገበያ ለምን አትገዢም የምትሉኝ ትኖራላችሁ። መንገዱ በተዘጋ ቁጥር ገበያው አይቆምም፤ ቢቆምም እንቁላል ይዞ የሚወጣ የለም፤ ያለው ሰው ለቤቱ ነው የሚይዘው። እናም ነገሩ ይኸው ነው፤ ዶሮዎቹ ከጣሉ ልጄ ትበላለች፣ መድኃኒቱም ይረጋላታል። ካልጣሉ አይረጋላትም።

ሰኔ ገብቶ ዝናቡ ሲጠና ገብስማ ጭዱ ላይ ተቀምጣ አልነሳ አለች። ላባዋን ነፍታ፣ ዓይኗን ግማሽ ጨፍና። እህል ብበትን አትመጣም። ዶሮ የያዘ ሰው ሁሉ ይህን ሲያይ የሚለው አንድ ነው፤ ታቀፈች። ዶሮ ከታቀፈች ደግሞ መጣል ታቆማለች።

ጎረቤቴ እትዬ የሻረግ በዕድሜ ታላቄ ናት፤ ዶሮ በማርባት የሚተካከላት የለም። መጥታ አየቻትና ሳቀች። «ይቺና እኔ እኩያ ነን» አለች፤ «እኔ በዚህ ዕድሜዬ አርግዣለሁ ብዬ ተኝቼ አውቃለሁ?» በእኛ አገር የታቀፈችን ዶሮ ማስረሳት የታወቀ ነው። ሆዷን ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ይነክሯታል፤ ከክንፏ ላባ ነቅለው በአፍንጫዋ ቀዳዳ ያሳልፉባታል፤ ከዚያ ጎጆዋን እንድትረሳ ሰው ቤት ይሰዷታል። እናቴም እንዲህ ታደርግ ነበር። ሲሠራም አይቻለሁ፤ ዶሮዋ ትነሳለች፣ ትበላለች፣ ብዙም ሳትቆይ ትጥላለች።

በገንቦ ያደረ ውሃ ነበር። የሐምሌን ብርድ የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ የሰኔውም ያው ነው፤ እጅ ይቆርጣል። እኔ ክንፏን ያዝኩ። እትዬ የሻረግ እስከ ደረቷ ነከረቻት። ገብስማ አልጮኸችም። ይህ ሊያስደነግጠኝ ይገባ ነበር፤ ጤነኛ ዶሮ ውሃ ሲነካት መንደሩን ታውካለች። ላባውን አሳለፍንባት። ከዚያ እትዬ የሻረግ በነጠላዋ ጠቅልላ ወደ ቤቷ ወሰደቻት።

በማግስቱ ልጠይቃት ሄድኩ። ገብስማ ከግድግዳው ሥር ቆማለች። አቋቋሟ የዶሮ አይደለም። ደረቷን ወደ ላይ ሰቅላ፣ ጅራቷን መሬት ላይ ጥላ፣ እንደ ሰው ቀጥ ብላለች። ጅራቷ ከፍ ዝቅ ይላል። ትንፋሿን ትይዛለች። ትገፋለች። ትተዋለች። እንደገና ትገፋለች።

ይህን አውቀዋለሁ። የወለደች ሁሉ ታውቀዋለች።

«እትዬ፣ ይቺ ዶሮ ምጥ ላይ ናት» አልኳት።

እትዬ የሻረግ የቀልድ ሰው ናት። ያን ጊዜ ግን ሳትቀልድ ቅርጫት አመጣችልኝ።

በቅርጫት አድርጌ፣ ላስቲክ አልብሼ፣ በጭቃው ሉማሜ ወረድኩ። የእንስሳት ክሊኒኩ ደጅ በሬና አህያ የያዘ ሰው ተሰልፏል። ቅርጫቴን ያየ አንድ ባለበሬ «እናቴ፣ የዶሮ ሐኪም በርበሬ ነው» አለኝ። ሰዉ ሳቀ። እኔም ጥርሴን ገለጥኩ፤ ምን ላድርግ። የእኔ ልጅ ምሳ ቅርጫቱ ውስጥ እያማጠች እንደሆነ ለማን ልንገር።

ሐኪሙ ወጣት ነው። አልሳቀም። ጓንት አጥልቆ ሆዷን ዳሰሰ፤ ጣቱን ወደ ውስጥ ሰደደ።

«አልታቀፈችም፣ እናቴ። እንቁላሉ ቱቦዋ ውስጥ ታንቆባታል። በእንግሊዝኛ ኤግ ባይንዲንግ ይባላል።» ቀጥሎ ጠየቀኝ። «ቀዝቃዛ ውሃ ነክቷታል?»

«ነክቷታል፣ ዶክተር።»

«የታነቀባት የሚያስፈልጋት ሙቀት ነበር። ጡንቻው ሲሞቅ ይላላል፤ ሲበርደው ይኮማተራል።»

ለብ ያለ ውሃ በሳፋ አስመጣ። ሆዷን ውሃው ውስጥ አድርጌ ይዤ እንድቆይ አዘዘኝ። ያዝኳት። ያው እጄ ነው። ትናንት በቀዝቃዛው የያዝኳት፣ ዛሬ በሞቀው። ሐኪሙ ዘይት ቀባ። በቀስታ ገፋ። እንቁላሉ ተሰብሮ ወጣ። ቅርፊቱ እንደ ወረቀት ስስ ነበር። ከኋላው ደም መጣ። ቀይ ሥጋ ተከትሎ ወጣ። ገብስማ አንገቷን ክንዴ ላይ ጣል አደረገች።

ሞተች።

ሐኪሙ ከፍቼ ልይ ወይ ብሎ አስፈቀደኝ። በክት ናት፤ ለምንም አትሆንም፤ እሺ አልኩት። ሆዷ ውስጥ ቢጫ ፈሳሽ ሞልቷል። አስኳሉ ወደ ቱቦው መግባት ትቶ ሆዷ ውስጥ ሲፈስስ ከርሟል፤ ፔሪቶናይትስ፣ የሆድ ዕቃ ብግነት ነው አለኝ። ቱቦው ውስጥ ደግሞ እንደ አይብ የረጋ ነገር ነበር፤ ኢንፌክሽን ነው። «ሴት ዶሮ ስታረጅ ቱቦዋ ይደክማል» አለኝ። «እንቁላሏ ይተልቃል፣ ቅርፊቱ ይሳሳል። ከመኖዋ ካልሲየም ካላገኘች ደግሞ ቅርፊቱን ከገዛ አጥንቷ ቀንሳ ነው የምትሠራው። ውሃው ብቻ አይደለም የገደላት፤ ቆይቶባታል። ውሃው ግን የቀረቻትን ጊዜ ወሰደባት።»

ባዶ ቅርጫት ይዤ ተመለስኩ። ስመኝ ደጅ ላይ ትጠብቀኝ ነበር። ልዋሻት አልቻልኩም። ሐኪሙ ያለኝን ሁሉ አንድም ሳላስቀር ነገርኳት። ልጅ እውነቱን ካወቀች ይቀላታል ብዬ ነው። የአጥንቱንም ነገር ነገርኳት።

በማግስቱ የቀይዋን እንቁላል ቀቅዬ ሰጠኋት። አልነካችውም።

«አጥንቷን ነው ስበላ የነበርኩት» አለች። «እኔ ነኝ የጨረስኳት።»

ለመንኳት። ተቆጣኋት። የነፍስ አባቷን አስጠራሁ፤ እሳቸውም የታመመ ጾም የለበትም ብለው መከሯት። እሺ ትላለች፤ አፏ ውስጥ ታደርገዋለች፤ አትውጠውም። ሽሮውን ትበላና ኪኒኑ ሲከተል ያስመልሳታል። ጤና ጣቢያ ስትመዘን ነርሷ ሚዛኑን ሁለቴ አየችው። ቀንሳለች። «እንዲህ ከሆነ መድኃኒቱን ልታቋርጥ ነው፤ ካቋረጠች ደግሞ በሽታው መድኃኒቱን ይለምዳል፤ ያኔ የምንሰጣት አይኖረንም» አለችኝ። ከእኔ ጋር የምታወራው ቀስ ብላ ነው፤ ስመኝ እንዳትሰማ። ስመኝ ግን ከበሩ ላይ ቆማ ሰምታለች።

እነዚያን ቀናት እንዴት እንደገፋሁ አላውቅም። ሳሏን እየሰማሁ እውላለሁ። ዝም ስትል ደግሞ ይብሳል፤ ሄጄ ትንፋሿን አዳምጣለሁ።

ከዚያ ቀይዋ።

አንድ ጠዋት ከቆጡ ስትወርድ ከኋላዋ ቀይ ሥጋ ወጥቶ አየሁ። የሽንብራ ፍሬ ያህል አይደለም፤ የሎሚ ያህል ነው። እንቁላል ጥላ ቱቦው አብሮ ወጥቷል። አሮጌ ዶሮ ናት። ውጪ ብትቆይ ዝንቡ አለ። ቅርጫቱን አነሳሁ።

ሐኪሙ አወቀኝ። «ይኼ ፕሮላፕስ ነው» አለ። «ይታጠባል፣ ይገባል፤ ግን ዳግም እንዳይወጣ መጣሏን ማቆም አለባት። ጨለማ ቦታ ትቀመጣለች። ኢንፌክሽን እንዳይዛት መርፌ እወጋታለሁ። መርፌውን ከወሰደች ሥጋዋም እንቁላሏም እኔ ይበቃል እስክል አይበላም። ብትድንም እንደ ድሮዋ አትጥልም። ወይም ደግሞ ሳትወጋ ዛሬውኑ ያሳርዷትና ይብሏት። ይምረጡ፣ እናቴ።»

የመረጥኩት ሥጋዋን ነው። አልደብቃችሁም። አንድ ድስት መረቅ ለልጄ፤ ሌላ ምን አለኝ። ሐኪሙ የወጣውን ወደ ውስጥ መለሰልኝና፣ ሳላስወጋት ይዣት ተመለስኩ። ሴት አታርድም፤ የእትዬ የሻረግን ባል አያ ደሴን ጠራሁ። ቢላዋውን ስሎ መጣ። «ሳትሞት እንባርካት፤ ከሞተች ለጅብ ናት» አለ፤ እውነቱን ነው።

ስመኝ ከመደቡ ተነሳች። ቀይዋን ከቅርጫቱ አውጥታ ጋቢዋ ውስጥ አስገባቻት። አላለቀሰችም። «እማ» አለችኝ፣ «እሷንም ካበላሽኝ ኪኒኑን አልውጥም።»

ልጄ በባሕርይዋ ለስላሳ ናት፤ የምታስፈራራ አይደለችም። ስለዚህ ነው የፈራሁት። አያ ደሴ እኔን አየኝ፤ እሷን አየ። ቢላዋውን ወደ አፎቱ መለሰና «የታመመ ሰው ያቀፈው ነገር አይታረድም፤ ተይው» ብሎ ወጣ። ይህን ከየት እንዳመጣው አላውቅም፤ ከዚያ በፊት ሲባል ሰምቼ አላውቅም።

በማለዳው ቀይዋን ሉማሜ ወስጄ አስወጋኋት። መርፌው ሲገባ፣ ያው ነው፣ የልጄን ምግብ በገዛ እጄ እንዳስከለከልኩ ቆጠርኩት።

የሐኪሙን አሠራር እጽፍላችኋለሁ፤ ምናልባት የሚጠቅማት ትኖራለች። ለብ ያለ ውሃ ጨው ጣል አድርጎበት የወጣውን ሥጋ ማጠብ፤ ካበጠ ስኳር ነስንሶ ጥቂት መጠበቅ፤ ስኳሩ እብጠቱን ይመጥጠዋል። ከዚያ እጅን በደንብ ታጥቦ ዘይት ቀብቶ በጣት በቀስታ ወደ ውስጥ መመለስ፤ እንደገና ከወጣ እንደገና። ከዚያ ጨለማ፣ ሙቅ፣ ደረቅ ቦታ። እኛ እንቅብ ደፍተንባት በአሮጌ ጋቢ ሸፈንነው። ሌሎች ዶሮዎች ካሉ መለየት ነው፤ ቀይ ሥጋ ሲያዩ ይነክሱታል።

ሥራውን የጀመርኩት እኔ ነኝ፤ እያደር ግን ስመኝ ወሰደችብኝ። ሐኪሙ የእንቁላል ቅርፊት ታጥቦ፣ ምጣድ ላይ ደርቆ፣ ተፈጭቶ ከእህል ጋር ይሰጣት ብሎ ስለነበር፣ ከጎረቤት ቅርፊት እየለመነች በሙቀጫ ትወቅጣለች፤ መቆም ሲያቅታት ትቀመጣለች፣ ሳሉ ሲተዋት ትቀጥላለች። መጀመሪያ ቀይዋ አልበላ አለች። ስመኝም አልበላችም። ከዚያ አንድ ቀን የተቀቀለ ባቄላ በእጇ አድርጋ እንቅቡ ሥር ስታስገባላት ቀይዋ አንዱን አነሳችው፤ ስመኝም ከዚያው ከእጇ አንዱን አፏ ውስጥ ጨመረች። አየኋትና ዞር አልኩ፤ ካየችኝ ታቆማለች ብዬ ፈራሁ። ከዚያ ወዲህ እንዲያው አብረው ነው የሚበሉት፤ ዶሮዋ ስትበላ እሷም ትበላለች፣ ዶሮዋ ስትተው እኔ በልቤ ቀይዋን እለምናለሁ፣ ብይ የኔ እናት፣ ብይልኝ እላለሁ። ነርሷ ባቄላውም ምስሩም ጥሩ ነው፣ ወተት ካገኛችሁ ጨምሩበት አለች፤ አያ ደሴ ላሟ ስትታለብ አንድ ኩባያ ይልክልናል። ኪኒኑ መርጋት ጀመረ። ኪሎዋ በሚዛን ላይ የወጣው ትንሽ ነው። ግን ወጥቷል።

ዳነች አልላችሁም። አክታዋ ዳግም ተወስዷል፤ ውጤቱ አልመጣልንም፤ መንገዱ ተዘግቷል ይሉናል። አሁንም ስታስል ሥራዬን ትቼ እቆማለሁ። ቀይዋም ሥጋዋ ዳግም አልወጣም፤ እንቁላል ግን የለም። አንድም።

ፍልሰታ ሲገባ ቀይዋ ጭዱ ላይ ተቀመጠች።

ላባዋን ነፍታለች። ዓይኗን ግማሽ ጨፍናለች። ስመኝን ጠራኋት። ስመኝ እጇን በብብቷ አሙቃ ከዶሮዋ ሥር ሰደደች። ቀይዋ ኩርር አለችና ነከሰቻት። ሆዷ ትኩስና ልል ነው፤ የታነቀ ነገር የለም፤ ጅራቷም አይመታም፤ አቆምናት፤ እንደ ዶሮ ቆመች፤ ወዲያው ተመልሳ ተቀመጠች። እውነትም ታቅፋለች። ምንም በሌለበት ጭድ ላይ።

ሉማሜ ሄጄ ሐኪሙን ጠየቅኩት። «ይተዉአት» አለኝ። «ስትታቀፍ አትጥልም፤ ለቱቦዋ ዕረፍት ነው። የራሷ እንቁላል ባይኖርም የሰው ትፈለፍላለች።»

እትዬ የሻረግ ይህን ሰማች። በነጠላዋ ጫፍ እንቁላል ቋጥራ መጣች። «ጾሙ ገብቷል፤ እኛ ቤት የሚበላው የለም» አለች። ከቀይዋ ፊት ተቀመጠችና «እመት አሮጊት፣ አንቺ ከእኔ ተሻልሽ» አለቻት። ስመኝ እየተቀበለች ከዶሮዋ ሥር አንድ በአንድ ታስገባለች። እኔ ቆሜ አያለሁ። በልቤ ያለውን ብትሰሙ ታፍሩብኝ ነበር። እነዚያ እንቁላሎች ተቀቅለው ለልጄ ስንት ጠዋት ይሆኑ ነበር። ደግሞም የክረምት ጫጩት መች ያድጋል፤ ብርዱ አለ፣ ጭላቱ አለ፣ ፈንግሉ አለ። አፌ ድረስ መጥቶ ዋጥኩት። ስመኝን ከታመመች ወዲህ እንዲያ ፊቷ ፈክቶ አይቻት አላውቅም ነበር።

እና ያን ጠዋት፣ እትዬ የሻረግ ካመጣቻቸው አንዱ መንገድ ላይ ተሰንጥቆ ነበርና፣ ለእቅፍ አይሆንም ብላ ስመኝ ራሷ ቀቀለችው። ራሷ በላችው።

ለነርሷ፣ ለሐኪሙ፣ ለእትዬ የሻረግና ለአያ ደሴ እግዜር ይስጥልኝ። የምመክራችሁ ጥቂት ነው። ቅርፊት የሌለው እንቁላል ካያችሁ አትወርውሩት፤ ዶሮዋ ካልሲየም አጥታለች፤ ቅርፊት ፈጭታችሁ ስጧት። ያረጀች ዶሮ ተቀምጣ አልነሳ ስትል ታቀፈች ለማለት አትቸኩሉ። አስነስታችሁ አቋቋሟን እዩ። የታቀፈች ትቆጣለች፣ ትናከሳለች፤ የታመመች ዝም ትላለች። ጅራቷ ከመታ፣ ከገፋች፣ ለብ ባለ ውሃ አሙቋት፤ እንቁላሉን ሆዷ ውስጥ አትስበሩት፤ ቶሎ ወደ ሐኪም ውሰዷት፤ ቢስቁባችሁም ውሰዷት። ለታመመ ልጅ ደግሞ እውነቱን ንገሩት፣ ግን የትኛውን እንደሚሸከም አስቀድማችሁ አስቡ።

ይህን ስጽፍ ቀይዋ እንቁላሎቹ ላይ ናት፤ ስመኝም መደቡ ላይ፣ ፊቷን ወደ እሷ አዙራ ተኝታለች። ምን እንደሚፈለፈል አላውቅም። የአክታዋንም ውጤት አላውቅም። ገንቦው ሞልቶ በሩ ሥር ተቀምጧል። ማናችንም ወደ ዶሮዋ አላስጠጋነውም።